የድልድዩ «ዕዳ»

ከሄይዋርድ ወደ ሳን ማቴዮ በድልድዩ የሚመላለስ ሰው «ያልተከፈለ የፋስትራክ ሂሳብ አለብዎት፣ ዛሬ ካልከፈሉ ቅጣት ይጨመራል» የሚል ቴክስት ቢደርሰው አይገረምም። የቤይ ኤሪያ ድልድዮች ከማርች 2020 ወዲህ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። መሣሪያ የሌለውን መኪና ካሜራ ሰሌዳውን ያነሳዋል፣ ሂሳቡ በኋላ በፖስታ ይመጣል። ኡበር ወይም ሊፍት የሚነዳ ወገናችን ደግሞ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደተሻገረ አይቆጥርም። ስለዚህ ይከፍላል።

ኤፍቢአይ በኤፕሪል 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከማርች መጀመሪያ ወዲህ ብቻ ስለ እንዲህ ዓይነት የመንገድ ክፍያ ቴክስቶች ከ2,000 በላይ አቤቱታዎች እንደደረሱት ገልጿል። የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ዶላር ነው። የሚፈለገው የካርድ ቁጥሩ ነው፤ አንዳንዴም ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ኮድ። ኮዱን ከሰጣችሁ ካርዳችሁ በሌላ ሰው ስልክ ዋሌት ውስጥ ሊገባ ይችላል።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። አይፎን ከማይታወቅ ላኪ የመጣን ሊንክ አያስከፍትም፤ መልስ ከሰጣችሁ ግን ይከፍተዋል። ለዚህ ነው ቴክስቱ «ዋይ ብለው ይመልሱ፣ ከዚያ መልእክቱን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ» የሚለው። የትኛውም እውነተኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ አይለምንም።

አድራሻን ከቀኝ ወደ ግራ ማንበብ ልመዱ። ከሁለቱ ስላሾች ቀጥሎ የሚመጣውን የመጀመሪያውን ነጠላ ስላሽ ፈልጉ፤ ከእሱ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ባለቤቱን ይነግሯችኋል (በኮም ዶት ኢቲ ለሚያልቁት ሦስት ቃላት)። ፊት ላይ «ፋስትራክ» ተብሎ ቢጻፍም መጨረሻው ሰረዝና የማይታወቅ ስም ተከትሎት «ዶት ቶፕ» ከሆነ፣ ከፋስትራክ ጋር ዝምድና የለውም።

ፊደላችንም በዚህ ጉዳይ ውስጥ አለ። በ2017 አንድ ተመራማሪ በሲሪሊክ ፊደላት ብቻ የአፕልን አድራሻ የሚመስል ዶሜይን አስመዝግቦ አሳየ። ክሮም ከዚያ በኋላ ላቲን መሳይ ፊደሎችን መከልከል ጀመረ፤ በኮዱ ዝርዝር ውስጥ ሀ፣ ሠ፣ በ፣ ተ፣ ዐ እና ጠን ታገኛላችሁ። ዐ ኦን፣ ሀም ዩን ይመስላል። አሳሹ ሲጠረጥር ስሙን በፑኒኮድ፣ ማለትም በኤክስና ኤን ጀምሮ ሁለት ሰረዝ በሚከተለው ቅርጽ ያሳየዋል። የአማርኛ ቻት አፕ ወይም ኪቦርድ የምትሠሩ፣ ይህ ጥበቃ በራሱ ወደ እናንተ አይመጣም። ሊንክ ከመከፈቱ በፊት ዶሜይኑን ለብቻው፣ በትልቁ፣ ከማብራሪያ ጋር በአማርኛ አሳዩ። እናቶቻችን እንግሊዝኛውን ባያነቡም «ይህ ጣቢያ የመንግሥት አይደለም» የሚለውን ያነባሉ።

ስለ መንግሥት ካነሳን ዲቪን እንጨምር። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መመረጣችሁን በኢሜይል አያበሥርም፤ ውጤት የሚታየው አመልካቹ ራሱ በ«ስቴት ዶት ገቭ» በሚያልቀው ገጽ የማረጋገጫ ቁጥሩን አስገብቶ ሲያይ ነው። «ደርሶዎታል፣ በዌስተርን ዩኒየን ይላኩ» የሚል ኢሜይል አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ከደረሰ፣ ከመላኩ በፊት ደውሉለት።

ቴክስቱን ወደ 7726 አስተላልፉና አጥፉት። ካርድ ካስገባችሁ ደግሞ በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር ዛሬውኑ ደውላችሁ አዘጉት።