የኮንክሪት ጥንካሬ እና በጠጠር መካከል ያለው ባዶ ቦታ

በቢቸና ወይም በሞጣ አካባቢ ያለ አርሶ አደር አንድ ጣሳ ባቄላ እስከ አፉ ሞልቶ ከላዩ ጤፍ ቢያፈስበትና ጣሳውን ቢነቀንቀው፣ ጤፉ በባቄላው መካከል ሰርጎ ይገባል። ሞልቷል የተባለው ጣሳ ለካ ባዶ ቦታ ነበረው። ቤት የሚሠራ ሰው ለሲሚንቶ የሚያወጣው ገንዘብም ኾነ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ከዚህ ባዶ ቦታ ጋር የተያያዘ ነው።

ባዶው ቦታ ምን ያህል ነው? እኩል መጠን ያላቸው ክብ ነገሮች ያለ ሥርዓት ተጨምረው በደንብ ቢነቀነቁ እንኳ የሚሞሉት የዕቃውን 64 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ እ.አ.አ በ1960 በብረት ኳሶች ተለክቷል። ቀሪው 36 በመቶ አየር ነው። ኳሶቹ ትልቅም ይኹኑ ትንሽ ድርሻው ያው ነው። ስለዚህ ጠጠርን እኩል አድርጎ ማድቀቅ ክፍተቱን አይቀንሰውም፤ የሚቀንሰው የተለያየ መጠን ያለውን ማቀላቀል ነው።

ይኹን እንጅ ትንሽ የተባለ ሁሉ አያልፍም። በተነካኩ ሦስት እኩል ኳሶች መካከል የሚያልፈው ስፋቱ ከእነሱ አንድ ሰባተኛ ወይም ከዚያ በታች የኾነ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የኾነችው የጤፍ ፍሬ በባቄላ መካከል ታልፋለች፤ ሽምብራ ግን ባቄላውን ገፍቶ የራሱን ቦታ ይይዛል።

በኮንክሪት ውስጥ ጠጠሩ እንደ ባቄላው፣ አሸዋው እንደ ጤፉ ነው፤ የቀረውን ክፍተት ሲሚንቶና ውኃ ይሞሉታል። አሸዋው ካነሰ ክፍተቱን ውዱ ሲሚንቶ ይሞላዋል፤ አለዚያም ቀዳዳ ይቀራል፣ ውኃ ገብቶም ፌሮውን ያዝገዋል። አሸዋው ከበዛ ደግሞ ጠጠሩን ያራርቃል፣ ተጨማሪ ሲሚንቶና ውኃም ይፈልጋል። የበዛ ውኃ ሲተን የራሱን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል።

ክፍተቱን መለካት ቀላል ነው። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ደረቅ ጠጠር ይሞላል፤ ከዚያም ውኃው ከአፉ እስኪደርስ በሊትር እየተለካ ይጨመራል። 8 ሊትር ከገባ ክፍተቱ 40 በመቶ ነው ማለት ነው። ደቃቅና ደንዳና ጠጠር አቀላቅሎ እንደገና በመለካት ትንሽ ውኃ የሚይዘውን መምረጥ ይቻላል። ድብልቁ ሲጓጓዝ እየተነቀነቀ ደቃቁ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ከሥራ በፊት በአካፋ በደንብ መገላበጥ ያስፈልጋል።

በአካባቢው የሚገኘው ዋልካ አፈር ግን በዚህ ሕግ ብቻ አይመራም። የሸክላ ቅንጣቶቹ ከ0 ነጥብ 002 ሚሊ ሜትር ያነሱ ስስ ቅርፊቶች ናቸው፤ በክረምት ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ በበጋ ይሰነጠቃሉ። ለዚህም ነው ለቤት መሠረት ዋልካው ተነሥቶ የተለያየ መጠን ያለው ገረጋንቲ በየደረጃው ተሞልቶ የሚጠቀጠቀው።