ዱዓው ከተደረገ በኋላ

በወሎ የአንዲት ነፍሰ ጡር መውለጃ ሲቃረብ ዱበርቲዎች ቡና አፍልተው፣ ዱዓ አድርገው ይመርቋታል። ያማረ ልማድ ነው። ይሁንና ምጡ በእኩለ ሌሊት ቢመጣ ማን ይዟት እንደሚሄድ በዚያ ሰደቃ ላይ ሲነሳ እምብዛም አልሰማሁም።

በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ወሊዶች 5ቱ ብቻ ነበሩ በጤና ተቋም የተፈጸሙት። በ2011 ዓ.ም. ቁጥሩ 48 ደረሰ። አልሐምዱሊላህ! ግን ያኔም ከግማሽ የሚበልጡት ከጤና ተቋም ውጭ የወለዱ ናቸው።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልም ሆነ ማዋለድ በነፃ ነው። ታዲያ ድኻዋን እናት ምን ያስቀራታል? ጉልት የምትቸረችር ጎረቤቴን ጠየቅኋት። «ምርመራውስ በነፃ ነው፤ ገበያ ያልወጣሁበትን ቀን ማን ይከፍለኛል?» አለችኝ። «ደግሞም ደህና ነኝ፤ ምን ብዬ ልሂድ?»

እዚህ ላይ ነው አደጋው። በእርግዝና ጊዜ የሚነሳ የደም ግፊት ምንም ሳይሰማት ሊጨምር ይችላል፤ የሚያውቀው መለኪያው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ በጤና ጣቢያ መድማቱን ለመከላከል ልጁ እንደተወለደ ለእናትየው መርፌ ይሰጣታል፤ በቤት ግን ያ መርፌ የለም።

«ወንድ አያዋልዳትም» የሚል ባልም አለ። ሐያእ ከኢማን ነው፤ ሴት አዋላጅ ካለች እርሷን መጠየቅ መብት ነው። ከሌለች ግን ወንድ ሐኪም በደሩራ ሚዛን፣ አስፈላጊውን ያህል ብቻ ተገልጦ እንዲረዳት ዑለማዎች ፈቅደዋል። በወሊድ የሞተች ሙእሚን የሸሂድ ደረጃ እንዳላት በሐዲስ መምጣቱም ለሐዘንተኛ መጽናኛ ነው እንጂ ለቸልተኛ ባል ማምለጫ አይደለም። (ዘግይታ የመጣችን ምጥ የያዛት ሴት የሚቆጣ የጤና ባለሙያም ቢሆን ከወቀሳ አይድንም።)

በገጠር ቅሬ ጀናዛ ብቻ ሳይሆን በሽተኛም በቃሬዛ ይሸከማል። ከተማ ስንገባ ቃሬዛውን ለጀናዛ ብቻ አስቀረነው። ይህንን በሰፈራችን ቅሬ ላይ አነሳሁ። ጥቂት ከተከራከርን በኋላ ለሌሊት ባጃጅ የሚሆን ገንዘብ ከመዋጮው ተለይቶ እንዲቀመጥ ተስማማን። ማን ዘንድ ይቀመጥ ሲባል አንድ አዛውንት «ከሴቶቹ ዘንድ ይሁን፤ ምጥ መምጣቱን ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው» አሉ። እንዳሉትም ለአንዲት ዱበርቲ ተሰጠ።