የሚያፈስ ራዲያተርና የአምቦ መንገድ

አሮጌ መኪና ያለው ቤተሰብ በዕድሜ የገፋ ሽማግሌ እንዳለው ቤተሰብ ነው፤ ማለዳ ተነሥቶ «እንዴት አደርህ?» ሳይል አይውልም። አጎቴ በአምቦ ከተማ ብዙ ዘመን ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ዕድሜዋ ከ40 ዓመት ያለፈ ቶዮታ ዲኤክስ አለቻቸው። ባለቤታቸው ለዓይናቸው ሕክምና በየወሩ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ ስላለባቸው፥ የአውቶቡሱን ግፊያም ስለማይችሉት፥ ያቺ መኪና ለዚያ ቤት የጌጥ ዕቃ አይደለችም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ መኪናይቱ ባደረችበት ሥፍራ ጥቂት እርጥበት ታየ። አጎቴ ለአንድ ጋራዥ ቢያሳዩ፥ ሠራተኛው ቀዳዳ ይደፍናል የሚባል ዱቄት በራዲያተሩ ውስጥ ጨምሮ «አለቀ» ብሎ ሸኛቸው። ሦስት ሳምንት ያህል በእርግጥም ያለቀ መሰለ። በአራተኛው ሳምንት ባለቤታቸውን ይዘው ወደ ሐኪም ሲጓዙ፥ ጊንጪ ሳይደርሱ የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀዩ ምልክት ወጣ፤ ከመኪናይቱ አፍንጫም እንፋሎት ተነሣ። አብሮ የነበረው የእኅቴ ልጅ፥ ወጣት ነውና፥ ፈጥኖ ወረደና ክዳኑን በጨርቅ ይዞ አዞረው። የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ ክንዱን ከአንጓው እስከ ክርኑ ላጠው። ፊቱ የተረፈው ለጥቂት ነው። በዚያ ቀን የሐኪሙ ቀጠሮ ተረሳና ሁሉም ለልጁ መድኃኒት ፍለጋ ሮጡ።

እኔም መካኒክ አይደለሁም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያውቁትን እየጠየቅሁ፥ መጻሕፍትም እያገላበጥሁ የተረዳሁትን ለአንባብያን ላካፍል ወደድሁ።

በመጀመሪያ ስለ ክዳኑ እንናገር። የራዲያተር ክዳን ተራ መክደኛ አይደለም፤ በውስጡ ስፕሪንግ ያለበት በር ነው። ሥራውም ውሃውን በግፊት አፍኖ ቶሎ እንዳይፈላ ማድረግ ነው። የቤት እመቤቶች እንደሚያውቁት፥ በደጋ አገር ባቄላ ለመቀቀል ከቆላው ይልቅ ብዙ ጊዜና ብዙ ማገዶ ያስፈልጋል። ምክንያቱም በከፍታ ቦታ የአየሩ ክብደት ስለሚያንስ ውሃ የሚፈላው ገና 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው። አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት፥ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። የመኪና ሞተር ደግሞ ደኅና ሆኖ ሲሠራ እንኳ ውሃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይሞቃል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ተመልከቱ! ደኅና ክዳንና የማያፈስ ራዲያተር ሲኖር ግን ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም።

ስለዚህ «ትንሽ ነው የሚያፈስሰው፥ ውሃ እየጨመርሁ እነዳለሁ» የሚለው አሳብ በቆላ አገር ምናልባት ያደርስ ይሆናል፤ በእኛ ደጋ ግን አያስኬድም። በትንሿ ቀዳዳ የሚወጣው ውሃው ብቻ ሳይሆን ግፊቱም ነውና። ሞተሩ ፈልቶ እያለ የተነዳ እንደ ሆነ ቴስታታው ይጣመማል፤ የዚያ ወጪ ደግሞ ከራዲያተሩ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ክዳኑም በሙቀቱ ከተከፈተ ታፍኖ የነበረው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይወረወራል። ሞተሩን አጥፍቶ፥ ላይኛው ጎማ በእጅ ሲዳሰስ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ግማሽ ሰዓትም ይሁን አንድ ሰዓት መታገሥ ይገባል። (የድሮው ቮልስዋገን ባለቤቶች ይህን ሲያነቡ ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ የእነርሱ ሞተር በነፋስ የሚቀዘቅዝ ስለ ሆነ ራዲያተር የለውም።)

ራዲያተሩን የሚበላው ምንድር ነው? በአሮጌ መኪና ውስጥ ውሃው በመዳብና በነሐስ፥ በብየዳው እርሳስና ቆርቆሮ፥ በሞተሩ ብረትና በአሉሚኒየም መካከል ይዞራል። ልዩ ልዩ ብረቶች በአንድ ውሃ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሆኑና ደካማው ይበላል። ይህን የሚከለክለው በቀዝቃዣው ፈሳሽ ውስጥ ያለው መድኃኒት ነው፤ የቀድሞው ዓይነት ግን በሁለት ዓመት ገደማ ኃይሉን ይጨርሳል። ባዶ ውሃ ብቻ የሚጨምር ሰው ይህ መከላከያ ከናካቴው የለውም።

ከዚህ ላይ የአምቦን ውሃ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦ በፍል ውሃዋና ከምድር እየፈላ በሚወጣው ጋዛም ውሃዋ የታወቀች ናት፤ ውሃውም ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ ሲሸጥ ኖሯል። በዚያ ቀን በመኪናይቱ ውስጥ ሌላ ውሃ ስላልነበረ፥ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ለመንገድ የተያዘው አምቦ ውሃ ተጨመረበት። ለጨጓራ የሚስማማው ነገር ግን ለራዲያተር አይስማማም። በውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን ሲሞቅ በማንቆርቆሪያ ሥር እንደምናየው ነጭ ቅርፊት ይሆናል፤ ይህም ቅርፊት ሙቀትን የማስተላለፍ ኃይሉ ከመዳብ ከመቶ እጅ በላይ ያንሳል። በጭንቅ ጊዜ የተገኘውን ውሃ መጨመር ነውር የለበትም፤ ቤት ሲደርሱ ግን አፍስሶ ማጠብ ግድ ነው። የሚሻለው የተጣራ ውሃ ነው፤ ለባትሪ የሚሸጠውን ማለቴ ነው፥ አሲዱን ግን አይደለም። እርሱ ከታጣ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ከምንጭና ከጉድጓድ ይመረጣል።

ያ ዱቄትስ? በዓለም ዙሪያ ሾፌሮች ቁንዶ በርበሬም እንቁላልም በራዲያተር ውስጥ ሲጨምሩ ኖረዋል፤ ዱቄቱም የዚያው ዘር ነው። ከመንገድ ለመግባት ያህል ይረዳል። ነገር ግን ቀዳዳውን ከጤነኛው ቀጭን ቧንቧ ለይቶ ስለማያውቅ ሁለቱንም ይደፍናል። የአጎቴም ራዲያተር አዲስ አበባ ላይ ሲፈታ የታችኛው ክፍል ግማሹ በጭቃ መሰል ነገር ተዘግቶ ተገኘ።

ሁለተኛው መካኒክ ሽማግሌ ነበሩ። ራዲያተሩን አፉን ደፍነው በውሃ ገንዳ ውስጥ አጠለቁና ነፋስ ሰጡት፤ ከሦስት ቦታ አረፋ ወጣ። ከዚያ ስስ ቅጠሎቹን በጥፍራቸው ጫር ቢያደርጉ እንደ ደረቀ እንጀራ ረገፉ። «መምህር፥ ስፌቱ ቢሆን ኖሮ በየድኩልዎ ነበር፤ ልቡ ከበሰበሰ ግን ዛሬ አንዱን ብደፍን ነገ ሌላው ይከፈታል» አሏቸው። ገንዘብ መቀበል ሲችሉ ይህን ማለታቸው አስደነቀኝ። ላይኛውና ታችኛው የነሐስ ክፍል ደኅና ስለ ነበረ መካከሉ ብቻ በአዲስ ተለወጠ። በዘመናዊው መኪና ያለው፥ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ የተጋጠመበት ራዲያተር፥ በዚህ ዓይነት እንደማይበየድ ነገሩን፤ እርሱ ሲያረጅ ሙሉውን መለወጥ ይሻላል። ክዳኑና ጎማዎቹም አብረው ተለወጡ።

ለእናቶች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አረንጓዴው ቀዝቃዣ ፈሳሽ በብዛት ኤቲሊን ግላይኮል የተባለ መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ግን ጣፋጭ ስለ ሆነ ሕፃናትና ውሾች ይልሱታል። ጥቂቱ ኩላሊትን ያጠፋል። ስለዚህ በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ያፈሰሰውም በግቢ አይተው። የቀመሰ ልጅ ቢኖር ምልክት ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ይዞ መሮጥ ነው።

አጎቴ አሁን ማታ ማታ ከሞተሩ ሥር አሮጌ ካርቶን ያነጥፋሉ። ጧት የመጀመሪያ ሥራቸው ካርቶኑን አውጥተው በፀሐይ መመልከት ነው። የእኅቴ ልጅም አብሯቸው ጎንበስ ይላል፤ ክዳኑን ግን እስካሁን አይነካም።