ባላንጣዎች የተስማሙበትና ያልተስማሙበት፦ የቤት መዝናኛ መሣሪያዎች ተናባቢነት

በጃፓን የተነደፈ ቴሌቪዥን፣ በቻይና የተገጣጠመ ሪሲቨርና በኮሪያ የተሠራ ድምፅ ማጉያ በአንድ ሳሎን ውስጥ ተገናኝተው ያለ ችግር የሚሠሩት፣ አምራቾቻቸው በገበያ ላይ የሚሻኮቱ ባላንጣዎች ቢሆኑም መሣሪያዎቹ ከመሸጣቸው ከዓመታት በፊት የሶኬቱን ቅርጽ፣ የምልክቱን አላላክ፣ የዲስኩን ውፍረት ሳይቀር ተነጋግረው በጽሑፍ ስላሰፈሩ ነው። ይህ በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት «ደረጃ» ወይም በተለምዶ «ስታንዳርድ» ይባላል፤ ደረጃውን ለማውጣት ኩባንያዎቹ የሚመሠርቱት ማኅበር የኢንዱስትሪ ጥምረት ሲሆን፣ በደረጃው መሠረት የተሠሩ የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች እርስ በርስ መግባባታቸው ደግሞ ተናባቢነት ይባላል። ጥምረቶቹ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አለመሆናቸውን ግን ከመነሻው ማስታወስ ይገባል። አባላቱ የሚስማሙት ስምምነቱ ገበያቸውን በሚያሰፋበት ጉዳይ ላይ ነው፤ ነገሩ ወደ ገቢያቸው ምንጭ ሲጠጋ ደረጃው እዚያው ላይ ያቆማል፣ ወይም ራሱ መቆለፊያ ይሆናል። ያለፉት ሃምሳ ዓመታት የቤት መዝናኛ ታሪክ በአብዛኛው በዚህ መስመር ሊነበብ ይችላል።

ስምምነት ሲጠፋ ምን እንደሚከተል በቪዲዮ ካሴት ዘመን ታይቷል። ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲ በተከታዩ ዓመት ቪኤችኤስን ሲያወጡ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የሁለቱ ካሴቶች መጠን እንኳ የተለያየ ስለነበር የአንዱ በሌላው ማጫወቻ ውስጥ አይገባም ነበር። ከአሥር ዓመት በላይ ከዘለቀ ፉክክር በኋላ ሶኒ ራሱ በ1988 የቪኤችኤስ ማጫወቻ ወደ መሥራት ገባ፤ ቤታማክስ የገዛው ደንበኛ ግን ካሴቶቹን ታቅፎ ቀረ።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙሉ ፊልም በዲጂታል መልክ የሚይዝ ዲስክ ሊወጣ ሲል ያው ታሪክ ሊደገም ጥቂት ቀርቶት ነበር። በ1994 መጨረሻ ሶኒና ፊሊፕስ የጋራ ዲስካቸውን አስታወቁ፤ በ1995 መጀመሪያ ደግሞ ቶሺባ ከማትሱሺታ (ኋላ ፓናሶኒክ ከተባለው)፣ ከታይም ዋርነርና ከሌሎች ጋር ሆኖ ተቀናቃኝ ዲስክ ይዞ ብቅ አለ። የሁለቱ ልዩነት ለተመልካች ዓይን የማይታይ ነበር። የነሶኒው ዲስክ ልክ እንደ ሲዲ 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ወጥ ፕላስቲክ ሲሆን፣ የነቶሺባው ደግሞ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ስስ ዲስኮች ጀርባ ለጀርባ ተጣብቀው የተሠራ ነበር። ከዚህ የውፍረት ክርክር ጀርባ ግን ብዙ ገንዘብ ነበረ፤ ሲዲን የፈጠሩት ሶኒና ፊሊፕስ ከእያንዳንዱ ዲስክና ማጫወቻ የፈጠራ ባለቤትነት ክፍያ ይሰበስቡ ስለነበር፣ አዲሱ ዲስክ ለሲዲ በቀረበ መጠን ይኸው ገቢ እንደሚቀጥልላቸው ተቀናቃኞቻቸውም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

ሁለቱን ወገኖች ያስታረቀው ፊልም ሠሪም ቴሌቪዥን ሠሪም ያልሆነ ሦስተኛ ወገን ነው። አይቢኤም፣ አፕል፣ ማይክሮሶፍትና ሌሎች የኮምፒውተር ኩባንያዎች አዲሱን ዲስክ ለመረጃ ማከማቻነት ይፈልጉት ስለነበር የጋራ የባለሙያዎች ቡድን አቋቁመው፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ዲስክ ካልተስማሙ የማናቸውንም እንደማይቀበሉ አሳወቁ። ያን የሚያህል ገበያ ማጣት የፈለገ አልነበረምና በመስከረም 1995 እርቅ ወረደ፣ በታኅሣሥም ስምምነቱ ተጠናቀቀ። ከነቶሺባ ሁለቱ ተጣባቂ ስስ ዲስኮች ተወሰዱ፤ ከነሶኒ ደግሞ መረጃን በዲስኩ ላይ ወደሚቀረጹት ጥቃቅን ጉድጓዶች የሚቀይረው፣ ሆላንዳዊው የፊሊፕስ መሐንዲስ ኪስ ኢሚንክ የነደፈው የኮድ ስልት ተወሰደ። ይህ ስልት ጭረትንና ቆሻሻን በተሻለ የሚቋቋም ቢሆንም ቦታ ስለሚፈጅ የዲስኩ የመያዝ አቅም ከ5 ጊጋባይት ወደ 4.7 ዝቅ አለ። ባዶ ዲቪዲ ሲሸጥ ማሸጊያው ላይ የሚታየው ይህ እንግዳ የሚመስል ቁጥር እንግዲህ የሽምግልና ውጤት ነው። እርቁን የተከተለው የዲቪዲ ጥምረት በአሥር ኩባንያዎች ተመሥርቶ በ1997 ለሌሎችም በሩን ከፍቶ «ዲቪዲ ፎረም» ተባለ።

መሣሪያ ሠሪዎቹ ቢታረቁም ፊልሙን በእጃቸው የያዙት የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የራሳቸው ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው። አንዱ የዲስኩ ጎን ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲይዝ ያቀረቡት ጥያቄ አብዛኛውን ፊልም ዲስክ ሳይገለበጥ ለማሳየት ስለሚያስችል ለተመልካቹም የሚበጅ ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ ግን ተመልካቹን የሚገድቡ ናቸው፦ ዲስኩ እንዳይቀዳ በምስጢራዊ ኮድ እንዲቆለፍ፣ እንዲሁም በአንድ የዓለም ክፍል የተሸጠ ዲስክ በሌላው እንዳይሠራ የሚያደርግ የክልል ኮድ እንዲኖር ጠየቁ። በቅጂ መከላከያው ላይ የተደረገው ድርድር በመጓተቱ የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች በጃፓን ገበያ የዋሉት በኅዳር 1996፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1997 ነው።

የክልል ኮዱ በተለይ ለኢትዮጵያውያን ትርጉም ነበረው። ዓለም በስድስት ክልሎች ስትከፈል አሜሪካና ካናዳ ክልል 1፤ አውሮፓ፣ ጃፓንና እስራኤልን ጨምሮ የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች ክልል 2፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር ክልል 5 ውስጥ ተመደበች። ስለዚህ በዋሽንግተን የሚኖር ሰው ከአሜሪካ ሱቅ የገዛውን የሆሊውድ ዲስክ አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቹ ቢልክ፣ ወይም ከዱባይ የተገዛ ዲስክ ዋሽንግተን ቢደርስ፣ ደንቡን የሚያከብር ማጫወቻ ዲስኩን አላነብም ይል ነበር። ክፋቱ አምራቹ ኮዱን ችላ ማለት አለመቻሉ ነው፤ ምስጢራዊውን ቁልፍ በፈቃድ የሚያገኘው የክልል ኮዱን ለማክበር ሲስማማ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች በሪሞት ጥቂት ቁጥሮች በመጫን ለሁሉም ክልሎች ይከፈቱ ነበር። በ1999 ደግሞ ዮን ሌክ ዮሃንሰን የተባለው የ15 ዓመት ኖርዌጂያዊ ቁልፉን የሚፈታውን ፕሮግራም ከሌሎች ጋር ሆኖ ይፋ አደረገው፤ በአገሩ ፍርድ ቤትም በ2003 ሁለት ጊዜ ነፃ ተባለ። ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር በአማርኛ ፊልሞች ገበያ ለዓመታት የተለመደው ቪሲዲ ምንም የክልል ኮድ አልነበረውም፤ የሥዕሉ ጥራት አነስተኛ ቢሆንም የትም ይዘውት ቢሄዱ አያስከፋም ነበር።

ከዲቪዲ ቀጥሎ የመጣው የባለ ከፍተኛ ጥራት ዲስክ ፉክክር ግን አስታራቂ አላገኘም። የሶኒ ወገን ብሉ ሬይን፣ የቶሺባ ወገን ኤችዲ ዲቪዲን ይዘው በ2006 ገበያ ላይ ተጋጠሙ። በአንድ ንብርብር ብሉ ሬይ 25፣ ኤችዲ ዲቪዲ 15 ጊጋባይት ይይዙ ነበር። ሶኒ ብሉ ሬይን በፕሌይስቴሽን 3 ውስጥ ማስገባቱ፣ በጥር 2008 ደግሞ የፊልም ስቱዲዮው ዋርነር ወደ ብሉ ሬይ መዞሩ ነገሩን ቆረጠውና ቶሺባ በየካቲት 2008 እጁን ሰጠ። ድሉ ግን ብዙም አልጣፈጠም፤ ተመልካቹ ወዲያው ፊልሙን በኢንተርኔት ማየት ጀመረ።

ከሁሉም ጥምረቶች ሥራ በየቤቱ በገሃድ የሚታየው ኤችዲኤምአይ ነው። ሂታቺ፣ ማትሱሺታ፣ ፊሊፕስ፣ ሲሊኮን ኢሜጅ፣ ሶኒ፣ ቶምሰንና ቶሺባ ደረጃውን በታኅሣሥ 2002 ከማውጣታቸው በፊት ማጫወቻን ከቴሌቪዥን ለማገናኘት ቢጫው ለሥዕል፣ ቀዩና ነጩ ለድምፅ የሆኑ ሦስት ገመዶች ብዙ ጊዜ ያስፈልጉ ነበር፤ አሁን 19 ነጥቦች ያሉት አንድ ገመድ ሥዕሉንም ድምፁንም ሳይቀንስ ያስተላልፋል። በገመዱ ጫፍ ካሉት ነጥቦች አሥራ ሦስተኛው ሥዕልም ድምፅም አይሸከምም፤ ሥራው መሣሪያዎች እርስ በርስ ትእዛዝ እንዲለዋወጡ ማድረግ ሲሆን፣ ማጫወቻው ሲበራ ቴሌቪዥኑም አብሮ እንዲበራ፣ በአንድ ሪሞትም ሁለቱን ማዘዝ እንዲቻል ያደርጋል። ይህ ችሎታ በደረጃው ውስጥ አንድ ስም ያለው ሆኖ ሳለ ሳምሰንግ «ኤኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» እያሉ የየራሳቸውን መጠሪያ ሰጡት። የአንዱ ኩባንያ ቴሌቪዥን የገዛ ሰው የሌላው ማጫወቻ አብሮ እንደማይሠራ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ እንዲህ እንዲያስብ ተፈልጎ የተደረገ ይመስላል። በዚያው ገመድ ውስጥ ኢንቴል የሠራው የቅጂ መከላከያ አብሮ የሚጓዝ ሲሆን፣ በመንገዱ ላይ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ከተገኘ ሥዕሉ ይጠፋል ወይም ጥራቱ ይቀንሳል።

በገመድ የተሳካውን በቤት ውስጥ ኔትወርክ ለመድገም በ2003 የተመሠረተውና በተከታዩ ዓመት «ዲኤልኤንኤ» የተባለው ጥምረት ሶኒን፣ ኢንቴልንና ማይክሮሶፍትን በአባልነት ይዞ ተነሣ። ዓላማው በኮምፒውተር ውስጥ ያለን ፎቶ፣ ሙዚቃና ቪዲዮ ሌላ ክፍል ባለ ቴሌቪዥን ላይ ማየት ማስቻል ነበር፤ አርማውም በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ተለጥፏል። ሆኖም ደረጃው በግዴታ ያስቀመጣቸው የፋይል ዓይነቶች ጥቂት ስለነበሩ ሰዎች በእጃቸው ያለው ቪዲዮ ብዙ ጊዜ አልከፈት ይላል፤ አፕል ደግሞ ጥምረቱን ሳይቀላቀል የራሱን መንገድ ያዘ። የፊልም አገልግሎቶች በየራሳቸው መተግበሪያ ወደ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ሲገቡ ጥምረቱ ሥራዬ ተጠናቋል ብሎ በጥር 2017 ፈረሰ። አገልግሎቱን የሚሸጠው ኩባንያ መተግበሪያውን ሲቆጣጠር የጋራ ደረጃ የሚፈልግበት ምክንያት ያንሰዋል።

ለኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበው በ1993 በአውሮፓ በስርጭት ድርጅቶች፣ በአምራቾችና በመንግሥታት ተቆጣጣሪዎች የተመሠረተው የዲቪቢ ጥምረት ነው። በየሰገነቱ የሚታየው ዲሽ የሚቀበለው ምልክት በዚህ ጥምረት ደረጃ የተሰናዳ በመሆኑ፣ ከማንም አምራች የተገዛ ሪሲቨር ናይልሳትንም ሆነ ኢትዮሳትን ለማንበብ ይችላል። የዲሽ ሠራተኛ ቻናል ሲያስገባ የሚሞላቸው ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ምልክቱ የሚመጣበት ፍሪኩዌንሲ፣ ሞገዱ አግድም ወይም ቁም መሆኑን የሚናገረው ፖላራይዜሽን፣ መረጃው በሰከንድ የሚላክበትን ፍጥነት የሚገልጸው ሲምቦል ሬት፣ በሁሉም ሪሲቨር አንድ ዓይነት የሆኑት በዚሁ ደረጃ ምክንያት ነው። ደረጃው በ2005 በጸደቀው ዲቪቢ ኤስ 2 ሲሻሻል በአንድ የሳተላይት መስመር የሚተላለፈው መረጃ በ30 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ የቆየ ሪሲቨር ግን አዲሱን ማንበብ አይችልም።

ጥምረቱ ሥዕሉንና ድምፁን አንድ ሲያደርግ የክፍያ ቻናሎችን የሚከፍተውን ቁልፍ ግን አንድ አላደረገም። ምልክቱ የሚመሰቃቀልበት ስልት የጋራ ሆነ፤ የከፈለውን ከማይከፍለው የሚለየው ካርድና ከጀርባው ያለው ሥርዓት ግን ለየድርጅቱ ተተወ። በጥምረቱ ውስጥ ያሉት የክፍያ ቴሌቪዥን ድርጅቶች ደንበኛቸውን የሚይዙበትን ሳጥን (ዲኮደሩን) ለመልቀቅ ስላልፈለጉ ከዚያ አልፎ መስማማት አልተቻለም። የአውሮፓ ሕብረት የተለያዩ ካርዶችን የሚቀበል ክፍት ማስገቢያ በቴሌቪዥኖች ላይ እንዲኖር በሕግ ቢያስገድድም፣ ብዙ ድርጅቶች ዛሬም የራሳቸውን ዲኮደር መስጠት ይመርጣሉ።

እንግዲህ ሪሲቨር ለመግዛት የሚወጣ ሰው የብራንዱን ስም ከመጠየቁ በፊት ዕቃው ዲቪቢ ኤስ 2 መቀበሉን ያረጋግጥ፤ ነፃ ቻናሎችን ለማየት ከሆነ ርካሹም ውዱም ያው ምልክት ነው የሚያነቡት። የክፍያ አገልግሎት ዲኮደር የሚገዛ ግን ሳጥኑ ነገ ድርጅት ሲቀይር አብሮት እንደማይሄድ አውቆ ይግዛ።