ሰርቮ ሞተር በዋት ብቻ አይመረጥም

የቆየ ፍሬዛን ወደ ሲኤንሲ መቀየር ብዙዎቻችን ለመመረቂያ ፕሮጀክት የምናስበው ሥራ ነው። ሞተር መምረጡ ላይ ሲደረስ ግን ብዙ ጊዜ የምሰማው ጥያቄ «ስንት ዋት ነው?» የሚል ነው። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለሆነ ካታሎግ ስናነጻጽር ምን ማየት እንዳለብን በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

ጠረጴዛው ከነሚቆረጠው ብረት 200 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። የቦል ስክሩው ዲያሜትር 32 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ሊዱ (በአንድ ዙር የሚያስኬደው ርቀት) 5 ሚሊ ሜትር ነው። የምንፈልገው 2,000 ኒውተን የመግፋት ኃይልና በደቂቃ 10 ሜትር ፍጥነት ነው። ሁለት ሞተሮች ቀረቡልን፤ ሁለቱም 750 ዋት ናቸው። የአንዱ ሬትድ ፍጥነት በደቂቃ 3,000 ዙር፣ የሌላው 1,500 ዙር ነው።

ሬትድ ቶርክ ማለት 9.55 በዋት ተባዝቶ ለዙር ሲካፈል ነው። የመጀመሪያው 2.4፣ ሁለተኛው 4.8 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። የስክሩው ኤፊሸንሲ 90 በመቶ ከሆነ፣ አንደኛው 2,700 ኒውተን ገደማ፣ ሁለተኛው 5,400 ኒውተን ገደማ ይገፋል። ታዲያ ሁለተኛው አይሻልም? አይሻልም። በሬትድ ፍጥነቱ ጠረጴዛውን የሚያስኬደው በደቂቃ 7.5 ሜትር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ግን 15 ሜትር ያስኬዳል።

ፒክ ቶርክም እንዳያታልለን። ብዙ ጊዜ የሬትዱን 3 እጥፍ ያህል ቢሆንም ለማፍጠኛ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ የሚያገለግል ነው። ቆረጣ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ የመቁረጫ ኃይሉን ከሬትዱ ጋር እናነጻጽር።

የሚረሳው ኢነርሺያ ነው። ስናሰላው ስክሩው ብቻውን 8.1፣ 200 ኪሎው ጠረጴዛ ደግሞ 1.3 ኪሎ ግራም ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አዎ፣ ከባዱ ጠረጴዛ ሳይሆን ስክሩው ነው የሚበልጠው! ምክንያቱም የስክሩ ኢነርሺያ በዲያሜትሩ አራተኛ ፓወር ያድጋል። ድምሩ 9.4 ነው። የሞተሩ ሮተር 1 ብቻ ከሆነ ጭነቱ ከ9 እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ እንዲህ ሲሆን ድራይቩን ቱን ማድረግ ያስቸግራል፣ ማሽኑም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ለማሽን ቱል በተለምዶ ከ5 እጥፍ ባይበልጥ ይመረጣል።

ስለዚህ ለዚህ ፍሬዛ እኔ የምመርጠው 3,000 ዙር ሆኖ የሮተሩ ኢነርሺያ ቢያንስ 2 የሆነውን ነው። እናንተም ካታሎግ ከመክፈታችሁ በፊት መጀመሪያ ወርክሾፕ ገብታችሁ ስክሩውን ለኩ።