በቀጠሮ የሚመጣ ፍርሃት

አደጋ ደርሶበት በጥድፊያ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባ ሰው ብዙ ለማሰብ ፋታ አያገኝም። እንቅርቱን ወይም የሐሞት ጠጠሩን ለማስወጣት ቀን የተቆረጠለት ግን የሚያስብበት ሳምንታት አሉት። በእግሩ ሄዶ ይተኛል፤ ነርሷ ማታ "ከአሁን በኋላ ምንም እንዳይቀምሱ" ትለዋለች፤ ሌሊቱ አልነጋ ይለዋል። ጠዋት ሲለካ የደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ይገኛል። "እኔ እኮ ግፊት የለብኝም" ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል።

አንጎል ስጋት ሲሰማው ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ልብ ይፈጥናል፣ አፍ ይደርቃል፣ የእጅና የእግር ደም ስሮች ይጠባሉ። ጣቶች የሚቀዘቅዙት፣ ነርሷም ግሉኮስ የምትሰካበት ደም ስር የሚጠፋባት ለዚህ ነው። በጣም የተጨነቀን ሰው ለማስተኛት ተጨማሪ ማደንዘዣ ሊያስፈልግ፣ ከነቃ በኋላም ሕመሙ ሊብስበት ይችላል። ግፊቱ አልወርድ ካለ ቀጠሮው ይተላለፋል፤ ያን ጊዜ ጭንቀቱን እንደ አዲስ ይጀምረዋል። ይህን ፍርሃት የወኔ ማነስ አድርጎ የሚያይ ሐኪምም ሆነ ቤተሰብ ተሳስቷል። እንደ ደም ማነስ ሁሉ አስቀድሞ ተጠይቆ ሊታከም የሚገባው ነገር ነው።

ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሰማቸው ነገርም አይደለም። የዲላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት ከልዩ ልዩ አገሮች ከ14,000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ከግማሽ ጥቂት ያነሱት ተጨንቀው ተገኝተዋል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት ደግሞ ከ100 ታካሚ 70 ያህሉ ጭንቀት ነበረባቸው፤ በብዛት የጠቀሱት ምክንያትም ሞትን መፍራት ነው። በብዙ ጥናቶች ሴቶች ከወንዶች ይልቅ ተጨንቀው ይገኛሉ፤ ወንዱ ፈራሁ ማለትን ስለሚያፍርም ይመስለኛል። ከዚህ በፊት ቀዶ ሕክምና አድርጎ የማያውቅ፣ ወይም አድርጎ ክፉ ትዝታ የተረፈው፣ ለብቻው የሚኖር፣ ምን እንደሚደረግለት ያልተነገረው ይበልጥ ይጨነቃል። ቤት ጥሎ የመጣቸው ልጆችና የሕክምናው ወጪም አሉ።

ከቢላው ይልቅ ሰመመኑን የሚፈራ ብዙ ሰው አለ። ተኝቶ መቅረት፣ ወይም መሃል ላይ መንቃት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትልቅ የብሪታኒያ ጥናት በሙሉ ሰመመን ውስጥ ሳለ መንቃቱን የተናገረ ታካሚ ከ19,000 ሰመመን አንድ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ደግሞም ብዙ ሰው ሰመመን ሰጪው መርፌ ወግቶ የሚሄድ ይመስለዋል። ሥራው ግን ታካሚው እስኪነቃ አጠገቡ ሆኖ ትንፋሹን፣ የልቡን ምትና በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መከታተል ነው። ይህን አንድ ነገር ማወቅ ብቻ ስንቱን እንቅልፍ በሰጠው ነበር።

ማሳወቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ካሳዩት ጥናቶች እኔን በጣም የሚገርመኝ ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ዶክተር ሎውረንስ ኤግበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተሙት ነው። ሆዳቸውን በቀጠሮ ሊከፈቱ የነበሩ 97 ሰዎችን በሁለት ወገን ከፈሏቸው። ለአንደኛው ወገን ሰመመን ሰጪው ዋዜማውን ሄዶ የት እንደሚያማቸው፣ ምን ያህል እንደሚበረታና እስከ መቼ እንደሚቆይ በግልጽ ነገራቸው። ሕመሙ የሚብሰው ከቁስሉ ሥር ያለው ጡንቻ ሲኮማተር መሆኑን፣ ትንፋሽን ረጋ አድርጎ እንዴት ማላላት እንደሚቻል፣ አልጋ ላይ እንዴት መገላበጥ እንደሚሻል አስተማራቸው። ሁለተኛው ወገን ስለ ሕመሙ ይህ አልተነገረውም። ቀዶ ሐኪሞቹም የትኛው ታካሚ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አያውቁም ነበር። የተነገራቸው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የወሰዱት የማስታገሻ መርፌ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አነሰ፤ በአማካይም 2.7 ቀን ቀድመው ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ። ከአንድ ዓመት በፊት ያው ቡድን ሰመመን ሰጪው ታካሚውን ማነጋገሩን ፔንቶባርቢታል ከተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ጋር አነጻጽሮ ነበር። መድኃኒቱ ሰዎቹን አፈዘዛቸው እንጂ አላረጋጋቸውም፤ ያረጋጋቸው ንግግሩ ነው።

እኛ ዘንድ አስታማሚ በሽተኛውን የሚያጽናናው በመደበቅ ነው። "አይዞህ፣ ምንም አይደለም" ይባላል፤ የስምምነቱን ቅጽ ቤተሰብ ይፈርማል፤ በሽተኛው የሚሰማው ከጎረቤት አልጋ ነው። የጅማዎቹ ታካሚዎችም ጭንቀታቸውን የሚያቀሉት በአብዛኛው ከሌሎች ሕሙማን ጋር በመጫወትና በእምነታቸው እንደሆነ ተናግረዋል። ጸሎቱ ብርታት ነው፤ አብሮ የተኛ ሰው ወሬ ግን እንደ ተናጋሪው ነው፣ ሊያጽናናም ሊያስበረግግም ይችላል። የሐኪሙን ቃል ሊተካ አይገባም። ሁሉን በዝርዝር መስማት የማይፈልግ ሰው መኖሩም እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በኔዘርላንድስ የተዘጋጀው አጭር የጭንቀት መለኪያ ከስድስቱ ጥያቄዎቹ ሁለቱን ታካሚው ምን ያህል ማወቅ እንደሚሻ ለመጠየቅ ያዋላቸው በምክንያት ነው። ምን ያህል እንደሚነገረው መወሰን የታካሚው መብት ነው።

ቀጠሮ ያለው ሰው ሰመመን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ ሲነቃ የት እንደሚሆን፣ አፍንጫው ወይም ሆዱ ላይ ቱቦ ይኖር እንደሆነ፣ ሲያመው ማንን እንደሚጠራ ይጠይቅ። ውሃ እስከ ስንት ሰዓት መጠጣት እንደሚችልም እንደዚሁ፤ ብዙ መመሪያዎች ለጤናማ አዋቂ ንጹሕ ውሃን ሰመመን ሊሰጠው 2 ሰዓት እስኪቀረው ይፈቅዳሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተጠማ ሰው ደግሞ ጭንቀቱ ይብሳል። በሩ ላይ ስሙንና የሚቀደደው የትኛው ጎኑ እንደሆነ ደጋግመው ሲጠይቁት "ከሌላ ሰው ጋር አሳስተውኝ ይሆን?" ብሎ አይደንግጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ታካሚው እንዲጠየቅ የሚያዘው ስህተት እንዳይፈጠር ነው፤ ጠያቂው ይህንኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢነግረው ደግሞ ምን ነበረበት?