ጳጉሜን ስንተኛው ወር ነው?

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚያልፈው መንገድ ላይ በምትገኘው በደብረ ወርቅ፣ ባሕረ ሐሳብ የሚቀጽል ደቀ መዝሙር «ጳጉሜን ስንተኛው ወር ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ዐሥራ ሦስተኛው መሆኑን ሳያመነታ ይመልሳል፤ አይሲዩ የተባለው፣ የየአገሩን የዘመን አቈጣጠር ለኮምፒዩተር የሚያስተምረውና ለሁሉ ክፍት የሆነው የኮድ ስብስብ ግን 12 ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ዜሮ በሌለው በግእዝ አኃዝ ያደገው ተማሪ መስከረምን አንድ ብሎ ሲጀምር፣ ኮዱ በሲ ቋንቋም የታወቀውን ልማድ ይዞ ከዜሮ ይነሣልና።

በሁለቱ መካከል አስታራቂ ሆኖ የቆመው የፈንክሽኑ ማብራሪያ ነው። ፈንክሽን ማለት የተሰጠውን ተቀብሎ የታዘዘውን አስልቶ የሚመልስ የኮድ ክፍል ሲሆን፣ ተጠቃሚው ውስጡን ሳይመረምር በማብራሪያው ቃል ታምኖ ይገለገልበታል። ስለዚህ ማብራሪያው «ወር፦ ከ1 እስከ 13» ብሎ ቢገኝ፣ ይህን አምኖ የልደት መዝገብ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ጳጉሜን 5 ቀን 2015 ለተወለደ ሕፃን በወሩ ስፍራ 13ን ያስገባል፤ ኮዱም በተለመደው አሠራሩ ትርፉን ወር ወደሚቀጥለው ዓመት አሻግሮ፣ አንዳች ተቃውሞ ሳያሰማ፣ ሕፃኑ መስከረም 5 ቀን 2016 ተወለደ ይላል።

እንዲህ ያለውን ግድፈት ያገኘ ሰው ኮዱን ለማቅናት መቸኰል የለበትም፤ መነሻው ዜሮ መሆኑን ተማምነው የተጻፉት ፕሮግራሞች ሁሉ ኮዱ ሲለወጥ በአንድ ወር ይዛነፋሉና። የሚታረመው ቃሉ ነው፤ እርማቱም ፈንክሽኑን በ0፣ በ12ና በ13 ፈትኖ፣ «ወር፦ ከ0 (መስከረም) እስከ 12 (ጳጉሜን)» ብሎ በመጻፍ፣ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6፣ በቀሩት ዘመናት 5 ቀን መሆኗን በመጨመር፣ ምክንያቱንም ገልጦ ለሌላ መርማሪ በማቅረብ ይፈጸማል።

የብራና ጸሐፊ የተሳሳተውን ፊደል በምላጭ ይፍቃል፣ የዘለለውንም ቃል ምልክት አድርጎ በኅዳጉ ያገባል፤ የተፋቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ2005 ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው፣ ጊት የተባለው የኮድ ለውጥ መዝጋቢ ግን አሮጌውን ቃል ከአዲሱ፣ ከአራሚው ስም፣ ከቀኑና ከምክንያቱ ጋር ይጠብቃል። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በማብራሪያ ውስጥ የተገለጠልህን ስሕተት አይተህ አትለፍ፤ የአገርህን ወራት ካንተ ይልቅ የሚያውቅ አራሚ ከባሕር ማዶ አይመጣምና።